አሰፋች ለሙዚየም ትምህርት ያመለከተች ጊዜ

አሰፋች ሰው የምትንቀው በቅንድቧ ነበር። አፏ ዝም ይላል፤ ግራ ቅንድቧ ግን ቀስ ብሎ ይነሣና እዚያው ተሰቅሎ ይቀራል። በገንዳ ውሃው ትምህርት ቤት ከዳይሬክተሩ ጀምሮ እስከ ዘበኛው ድረስ ያንን ቅንድብ ያልቀመሰ አልነበረም። መምህራኑ ስብሰባ ላይ አንዱ ሲሳሳት ወደ ተናጋሪው አይዞሩም፤ ወደ እሷ ነው የሚዞሩት፤ ተነሥቶ እንደሆነ ለማየት።

የተወለደችው መተማ ዮሐንስ፣ ከድንበሩ አፋፍ ነው። አባቷ ከወገራ ወርደው ሰሊጥ ሲዘሩ በወባ የሞቱ ሰው ናቸው። እናቷ ባየሽ ከሱዳኗ ገላባት የሚሻገር ሳሙናና ስኳር እየቸረቸሩ አሳደጓት። ጎበዝ ስለነበረች አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ በ፲፱፻፸ ዓ.ም. በታሪክ ተመረቀች፤ ምደባ ሲወጣም ተመልሳ እዚያው ቆላ ተወረወረች። ሰዉ «ከእናትሽ ደጅ ተመደብሽ፣ እድለኛ ነሽ» አላት። እሷ ግን የመደባት ሰው ካርታውን ዘቅዝቆ ይዞ መሆን አለበት ትል ነበር።

ገንዳ ውሃ ሰባት ዓመት አስተማረች። ሰባቱንም ዓመት እሑድ እሑድ ከገበያው ዳር ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጣ ደብዳቤ ትጽፋለች። ደብዳቤው ለሳሉጎች ነው። ሳሉግ የሚባሉት ከጎጃም፣ ከወሎና ከደጋው ጎንደር ለአረምና ለአጨዳ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ናቸው። እናት ናፍቃለች፣ ሚስት ወልዳለች፣ በሬ ታሟል፤ የሁሉም ደብዳቤ አንድ ዓይነት ነው። አሰፋች እጇ እየጻፈ ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። ለድካሟ የምትጠይቀው ገንዘብ አይደለም። «በምትሠሩበት እርሻ ብረት ስታገኙ አምጡልኝ» ነው የምትላቸው።

መተማ ደግሞ ብረት የሚበቅልባት ምድር ናት። ትራክተሩ አፈሩን በገለበጠ ቁጥር አንድ ነገር ይወጣል፤ የጦር ጫፍ፣ ድቡልቡል የእርሳስ ጥይት፣ የሰይፍ እጀታ፣ የጥሩር ቀለበት፣ እርካብ። አንዳንዱ አፄ ዮሐንስ ከደርቡሽ ሲዋጉ የወደቀ ነው። አንዳንዱ ጣልያንና እንግሊዝ እዚችው የድንበር ወንዝ ዳር ሲታኮሱ የጣሉት ነው። አንዳንዱም የማንም ተራ ሰው መጥረቢያ ነው። አሰፋች ሁሉንም ከትምህርት ቤቱ የጠመኔ መጋዘን አስገባች። ከአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ካርድ እየቆረጠች ቁጥር፣ ርዝመት፣ ክብደት፣ የተገኘበትን እርሻና ቀን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ አሰፈረች። መቶ ስድሳ ሦስት ካርድ ደረሰ።

መምህራኑ «ዝገት ለቃሚዋ» አሏት። እናቷም አላዘኑላትም።

«ሰዉ ብረት ሸጦ እህል ይገዛል» አሉ ባየሽ። «አንቺ ያን ሁሉ ትምህርት ተሸክመሽ ብረት ትለቅሚያለሽ።»

«እማ፣ ይህ የሚጠና ነገር ነው።»

«ዝገት ምን ይጠናል? ይታጠባል እንጂ።»

በ፲፱፻፸፯ ዓ.ም. ኅዳር ላይ አሰፋች የመጋዘኑን ቁልፍ ፍለጋ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች። ዳይሬክተሩ ጓድ አምባው በዚህ ዓለም ከወረቀት ሌላ የሚፈሩት ነገር አልነበራቸውም። የመጣ ወረቀት መልስ ይፈልጋል፤ መልስ ፊርማ ይፈልጋል፤ ፊርማ ደግሞ አንድ ቀን ያስጠይቃል። ስለዚህ ከበላይ የመጣ ወረቀት ሁሉ ራሱን እስኪረሳ ድረስ ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀምጡታል። በዚያ ቀን የሻይ ብርጭቋቸው የተቀመጠበት ወረቀት የአሰፋችን ዓይን ያዘው። የብርጭቆው ክብ አሻራ ሦስት አራት ቦታ አርፎበታል። በክቡ መሐል «ሙዚየም» የሚል ቃል ይነበባል።

«ጓድ አምባው፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ከክፍለ ሀገር የመጣ ነው። እኛን አይመለከትም።»

«እንዴት አወቁ?»

«ሙዚየም ነዋ የሚለው። እኛ ዘንድ ሙዚየም የለም።»

አሰፋች ብርጭቆውን አንሥታ ወረቀቱን ሳበችው። በአንድ ወንድም ሶሻሊስት አገር ለሁለት ዓመት በሙዚየም ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማር፣ ከየክፍለ ሀገሩ አንድ ሰው ይመረጣል። አመልካቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም ተመጣጣኝ ትምህርት ያለው ይሁን፤ ለምን መማር እንደፈለገ በራሱ ቃል ሦስት ገጽ ይጻፍ፤ ከቀበሌና ከፓርቲው የድጋፍ ደብዳቤ ያቅርብ። ወረቀቱ ከመጣ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። የቀረው ሁለት ሳምንት ነው።

«ሙዚየም ስለሌለን እኮ ነው ሰው ተምሮ እንዲመጣ የተፈለገው» አለች።

አምባው አሰቡበት። በእውነት አሰቡበት።

«የሌለ ነገር ሊማር ማን ይሄዳል?» አሉ በመጨረሻ።

ቅንድቧ ተነሣ። ወረቀቱን ይዛ ወጣች።

የቀበሌው ደብዳቤ ሦስት ቀን ፈጀ፤ ማኅተሙን የያዘው ሰው ልቅሶ ሄዶ ነበር። የፓርቲው ግን ሌላ ነገር ነው። ኢሠፓ ከተመሠረተ ገና ሦስት ወሩ ነው፤ የወረዳው የርዕዮተ ዓለም ኃላፊ ጓድ ማሩ ግን በፓርቲ ውስጥ ተወልዶ፣ በፓርቲ ውስጥ ጥርስ ያወጣ ሰው ይመስላል። ካኪው ተተኩሶ ጠርዙ ሰው ይቆርጣል። ደረት ኪሱ ላይ ሁለት ብዕር ይሰካል፤ አንዱ አይጽፍም። ስድስት ወር የፖለቲካ ኮርስ ወስዶ ሲመለስ «ከዲግሪ ጋር ተመጣጣኝ ነው» የሚል ወረቀት ይዞ መጥቷል። ያንን ወረቀት በመስታወት አስገብቶ ከራስጌው ሰቅሎታል።

ማመልከቻዋን አነበበና ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ።

«ጓድ አሰፋች፣ ሙዚየም የነገሥታት ዘውድ ማስቀመጫ አይደለም እንዴ? አብዮቱ ያወረደውን መልሰሽ ልትሰቅይ ነው?»

«በመተማ ዘውድ አልተገኘም። የተገኘው እርካብ ነው።»

«እርካብ የፊውዳል ነው።»

«በቅሎዋስ?»

ማሩ አልሳቀም። ሐሙስ እንድትመለስ ነግሮ ማመልከቻዋን መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ሐሙስ ስትመጣ ሰውዬው ተለውጧል። በሩን ራሱ ዘጋ፤ ወንበር ራሱ ሳበላት። በመሐሉ ከማመልከቻዋ ጋር ያያያዘችውን ማስታወቂያ አንብቦታል። ስለ አገሩም ጠይቋል፤ በረዶ ይጥላል፣ ባቡሩ በሰዓቱ ይደርሳል፣ ተማሪ ሁሉ ካፖርት ይሰጠዋል።

«እኔም ለማመልከት ወስኛለሁ» አላት። «የሙያው ፍቅር ከድሮም ነበረኝ። ሦስቱ ገጽ ብቻ ነው የቀረኝ። አንቺ የተማርሽ ስለሆንሽ ቋንቋውን ታስተካክይልኛለሽ።»

«የጻፉትን ያምጡታ።»

«ገና አልጻፍኩም።»

«የኔ የድጋፍ ደብዳቤስ?»

«የሁለታችንም በአንድ ቀን ይፈረማል» አለ ማሩ፣ የማይጽፈውን ብዕር ከኪሱ እያወጣና እየመለሰ።

እምቢ ማለት ትችል ነበር። ግን እምቢ ለማለት ሰውየውን ከቁም ነገር መቁጠር ያስፈልጋል፤ እሷ ደግሞ አልቆጠረችውም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቷ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጣ፣ ብቻዋን እየሳቀች ሦስቱን ገጽ በአንድ ትንፋሽ ጻፈችው። «ሙዚየም የጭቁኑ ሕዝብ መስታወት ነው» ይላል የመጀመሪያው አንቀጽ፤ «መስታወትም ፊት አለው፤ ፊቱም ወደፊት ነው።» ሁለተኛው ገጽ ላይ «ከኋላችን ያለው ከፊታችን፣ ከፊታችን ያለውም ከኋላችን መሆኑን ሳይንስ አረጋግጧል» አለች። «ወደፊት» የሚለውን ቃል አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አስገባችው። ማሩ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ይነቃል፣ ይቆጣል፣ ያኔ እኔም የልቤን እነግረዋለሁ ብላ ነበር።

ማሩ ቆሞ አነበበው። ሲጨርስ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ይህንን ከኔ ውስጥ አውጥተሽ ነው የጻፍሽው» አላት።

የአሰፋች ቅንድብ ከዚያ በላይ የሚወጣበት ግንባር አጣ።

ቃሉን ግን ጠበቀ፤ ደብዳቤዋን ፈረመ። እግረ መንገዱንም የሷን ሦስት ገጽ አገላበጠ። የሷ ጽሑፍ ስለ ብረቱ ነው፤ በየትኛው እርሻ ስንት ተገኘ፣ ዝገትን በምን ማቆም ይቻላል፣ የቆላ ሙቀትና ምስጥ የቆዳ እጀታን እንዴት ይበላል፣ ይህን የሚያውቅ ሰው በአገሩ ስለሌለ ምን ያህል ቅርስ ጠፋ ይላል። ልቅም ያለ ሥራ ነው።

ማሩ ወረቀቱን መለሰላት።

«ደረቅ ነው። ሰው አይታይበትም።»

ሰፊውን ሕዝብ ለማለት ነው። አሰፋች ለዚህም መልስ መስጠት ውርደት ስለመሰላት ወረቀቷን አጥፋ ወጣች።

የካቲት ላይ ሁለቱም ለቃለ መጠይቅ ጎንደር ተጠሩ። በዚያን ጊዜ መንገዱ በወታደር አጀብ ነው የሚኬደው። ማሩ የጭነት መኪናው ጋቢና ገባ፤ አሰፋች ከሰሊጡ ጆንያ ላይ ወጣች። ጭኗ ላይ ሰባት ዕቃ በጥጥ የተጠቀለለበት ካርቶን አለ፤ ሰባቱም ካርዳቸው አብሯቸው ነው። አይከል ላይ ፍተሻ ነበር። አንድ አሥር አለቃ ካርቶኑን ከፈተ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የድሮ ጥይት ነው።»

ጥይት የሚለው ቃል በዚያ ዘመን «የድሮ» ተብሎ አይቃለልም። አወረዷት። ለምን፣ ለማን፣ ከየት ተባለች። አሰፋች ወደ ጋቢናው ጠቆመች፤ «እዚያ ያሉት የፓርቲ ኃላፊ ያውቁኛል» አለች። አሥር አለቃው ሄዶ ጠየቀ። ማሩ በመስኮቱ በኩል አያትና፣ «መምህርት ናት መሰለኝ፣ በቅርብ አላውቃትም» አለ። መኪናው ሄደ። እሷ ከፍተሻው ዳስ ስትጠብቅ ዋለች። ወደ አመሻሹ ላይ አሥር አለቃው ድቡልቡሏን እርሳስ በራሱ ጠመንጃ አፈሙዝ ላይ አስቀምጦ ሞከራት፤ አልገባችም። «ይኼ ለማንም አይሆንም» ብሎ ካርቶኗ ውስጥ ጣላት። አሰፋች በማግሥቱ በመጣው መኪና ጎንደር ደረሰች፤ አቧራዋን ሳታራግፍ ከአዳራሹ በር ቆመች።

ማሩ ውስጥ ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ድምፁ ይሰማል። ሦስቱን ገጽ በቃሉ አጥንቶት መጥቷል። «መስታወትም ፊት አለው!» ሲል ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «ፊቱም ወደፊት ነው!» ሲል ጭብጨባ ተሰማ። አሰፋች ግድግዳውን ተደግፋ የገዛ ቀልዷ ሲጨበጨብለት አዳመጠች። ማሩ ላቡን እየጠረገ ወጣ፤ ሲያያት ደንገጥ አለና፣ «ደረስሽ? ተመስገን!» አላት። አሰፋች ባጠገቡ አልፋ ገባች።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነበር። ከጎኑ አንዲት ሴት ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ። ከዳር፣ መነጽራቸው የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ አቶ ፈረደ ይባላሉ፤ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ዕድሜ ልካቸውን በሙዚየም የሠሩ ናቸው።

«በአጭሩ ጓድ» አለ ሊቀ መንበሩ። «ሙዚየም ለአብዮታችን ምን ይጠቅማል?»

«አሁን የወጡት ጓድ የተናገሩት በቂ ይመስለኛል» አለች አሰፋች።

ሊቀ መንበሩ ምስጋና መስሎት ራሱን ነቀነቀ። አቶ ፈረደ ግን ጢማቸውን ዳበስ አደረጉና፣ «ካርቶኑን ክፈችው እስቲ» አሉ።

አንድ በአንድ አወጣችው። ሽማግሌው እርካቡን አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት፤ በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ተከተሉት፤ ካርዱን ከመነጽራቸው አስጠግተው አነበቡት። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ካርዷን ሲያነብላት የመጀመሪያ ቀን ነበር። አሰፋች ልቧ እንደ ልጃገረድ መታ።

«ርዝመት አለ። ክብደት አለ። ቦታውም ቀኑም አለ። ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ» አሉ አቶ ፈረደ። «ማን አገኘው?»

«አንድ ሳሉግ ነው።»

«ሳሉግ ምንድን ነው?»

«የቀን ሠራተኛ ነው። ከደጋ የሚወርድ።»

«ስሙስ?»

አሰፋች ካርዱን ገለበጠችው፤ ጀርባው ላይ ያለው የድሮ የፈተና ጥያቄ ብቻ ነው።

«ይኼን የጦር ጫፍስ?»

«እሱም... ሳሉግ ነው።»

«ይህችንስ ጥይት?»

አቶ ፈረደ እርካቡን እንደ እንቁላል ቀስ አድርገው ጥጡ ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ዕቃ አይናገርም» አሉ። «የሚናገርለት ያገኘው ሰው ነው። ምን ያህል ጠልቆ ነበር? ከጎኑስ ምን ነበር? አጥንት ነበር? ጨርቅ ነበር? አሁን እኔ ይህንን ማንን ልጠይቅ? ሚዛንሽን?»

ያን ጊዜ አንድ እሑድ ትዝ አላት። እርካቡን ያመጣው ረጅም ጎጃሜ ነበር፤ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እትየ፣ ይህ ሲወጣ እኮ ብቻውን አልነበረም፤ የፈረሱ የጎድን አጥንት እንዳለ ነው፣ ደግሞም የሰው...» ብሎ ሲጀምር፣ «እሺ፣ እሺ፣ ብረቱን እዚያ አስቀምጥ፤ ለእናትህ ምን ልበልልህ?» ብላ አቋርጣዋለች። በደብዳቤው ላይም «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» ብላ ጻፈችለት። ከግርጌው ስሙን የጻፈችው እሷ ናት፤ በገዛ እጇ። የሁሉንም ስም በገዛ እጇ ጽፋዋለች፤ አጥፋ በፖስታ ከትታ ላከችው። አንዱ እንኳ ካርዱ ላይ አልተረፈም።

ከቃለ መጠይቁ በኋላ አቶ ፈረደ ደረጃው ላይ አገኟት።

«ባልመለስኩት ጥያቄ ነው የምወድቀው?» አለቻቸው።

«ኧረ የለም። ያለፈው ሰው ስም እናንተ ሳትመጡ በፊት ተጽፎ ተቀምጧል። አንቺ ምንም ብትዪ ለውጥ የለውም።» መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ። «እኔ የጠየቅሁሽ ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ይህ ከሁሉ ባሰባት። ማሩ ሰረቀኝ ብላ እንዳታርፍ ሽማግሌው ሌላ ነገር አጎረሷት። ሰረቃትማ። ግን «ሰው አይታይበትም» ያለውም እሱ ነው። ያ ባዶ ቅል ሳያውቀው እውነት ተናግሮ ኖሯል። ወደ ቆላ በሚመለሰው መኪና ላይ ከጉድፍ በታች የናቀችው ሰው ራሷ ነበረች። መኪናው አይከልን እስኪያልፍ ድረስ ቢያንስ።

ማሩ በነሐሴ ሄደ። በሸኚዎቹ ፊት ስለ መስታወት ተናገረ።

አሰፋች ያንን ክረምት ካርዶቿን በላስቲክ ጠቅልላ፣ በጭቃ እየወደቀች ከእርሻ ወደ እርሻ፣ ሠራተኞቹ ወደሚያድሩበት ካምቦ ትዞር ጀመር። «ይህን ያገኘው ማን ነው? ስሙ ማን ነው?» ትላለች። ያ ዓመት ድርቁ ወሎን የጨረሰበት፣ ብሔራዊ ውትድርናም ጎረምሳ የሚለቅምበት ዓመት ነው። ወረቀት ይዛ ስም የምትጠይቅ የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ምን ፈልጋ እንደምትመጣ ሳሉግ ሁሉ ያውቃል። ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ግማሾቹ ማሽላው ውስጥ ገቡ። የቀሩት ትሕትና በተሞላበት ፊት መለሱላት።

«ስምህ ማን ነው?»

«ውባንተ እባላለሁ።»

«አንተስ?»

«እኔም ውባንተ።»

በአንድ ካምቦ አሥራ አንድ ውባንተ መዘገበች። አሥራ ሁለተኛው ሽማግሌ ነበሩ፤ ጥርሳቸውን በእንጨት እየፋቁ አዩዋት።

«እኔም ውባንተ ነኝ፣ ልጄ» አሏት። «እንዳንቺ ላለው ሁላችንም ውባንተ ነን።»

ሳቁባት። ያ ሁሉ ሰው፣ «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ የሚናገረው የለም ብላ ሰባት ዓመት የናቀችው ሕዝብ፣ በአፉም በቅንድቡም ሳቀባት። እሷ በአንድ ቅንድብ የምትሠራውን እነሱ አሥራ ሁለት ሆነው ሠሩት። ጭቃዋን እየጎተተች ወደ ከተማ ስትመለስ፣ በንዴት መሐል፣ አሠራሩ ጥሩ እንደሆነ ግን አልካደችም። ንቀትን የሚያውቅ ሰው ሲናቅ ይለየዋል።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ቤቷ ተወችው። ወደ ኒሟ ተመለሰች፤ ደብዳቤ መጻፏን ቀጠለች፤ ይህን ጊዜ ግን ብረቱን አስቀምጥ አላለችም። ታሪኩ ረጅም ይሁን አጭር እስኪያልቅ ትሰማለች። አብዛኛው አሰልቺ ነበር፤ አሰፋች መልአክ አልሆነችም፣ ሲያሰለቿት ታዛጋለች። ግን ትሰማለች። በመስከረም ረጅሙ ጎጃሜ ለአጨዳ መጣ። ይርዳው ይባላል። እርካቡ ከፈረሱ አጥንት በታች፣ ክንድ ያህል ጠልቆ፣ የሰው የእግር አጥንት አብሮት እንደነበረ ነገራት። አጥንቱን ምን አደረጋችሁት ስትለው፣ «ቀበርነዋ፣ ምን እናደርገዋለን? አፈር መልሰን፣ አቡነ ዘበሰማያት ብለን» አለ። ያንን ካርዱ ጀርባ ላይ እንዳለ ጻፈችው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከመቶ ስድሳ ሦስቱ የሠላሳ አንዱን ያገኘው ሰው ታወቀ። የቀሩት አልተገኙም። አንዳንዱ ሞቷል፤ አንዳንዱ ወደ ሱዳን ተሻግሯል፤ አንዳንዱም እስካሁን ውባንተ ነው።

በ፲፱፻፹ ዓ.ም. ሚያዝያ ማሩ ተመለሰ። ገንዳ ውሃ በሚያዝያ ዶሮ ክንፏን ዘርግታ የምታለከልክበት አገር ናት፤ እሱ ካፖርት ለብሶ ከመኪና ወረደ። የመጣው ለአብዮት በዓል ለሚዘጋጅ ዐውደ ርዕይ ዕቃ ሊወስድ ነው። አምባው ከወረቀት የሚሸሹትን ያህል ለካፖርት ይሮጡ ኖሮ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ በሁለት እጃቸው አቀረቡ።

ማሩ የሚያብረቀርቀውን እየመረጠ አርባ ዕቃ አስጫነ። ካርዶቹን እየገነጠለ መሬት ይጥላቸዋል።

«ካርዱን ለምን ይጥሉታል?» አለች አሰፋች።

«ይህ ሁሉ የሳሉግ ስም ምን ይሠራል? በዐውደ ርዕዩ ላይ አንድ ጽሑፍ ይበቃል፤ የሰፊው ሕዝብ ትግል።»

«እዚያ አገር ሁለት ዓመት የተማሩት ምንድን ነው?»

«አደረጃጀት» አለ ማሩ።

አሰፋች የወሰደውን ዘርዝራ ፈርም አለችው። አልፈርምም አለ። ያን ጊዜ ለሦስት ዓመት የያዘችውን፣ በሾፌሩና በአምባው ፊት አወጣችው።

«ያ ጽሑፍ እኮ ቀልድ ነበር። መስታወት ፊት አለው፣ ፊቱም ወደፊት ነው ያልኩት በእርስዎ ልስቅ ነው። አንድም ቁም ነገር የለበትም።»

ማሩ ግራ ገብቶት አያት። አልተቆጣም። ዓይኑ ውስጥ ያየችው የሐሰተኛ ሰው ሽሽት አልነበረም፤ ንጹሕ ነበር።

«የትኛው ጽሑፍ?» አለ። «ያ እኮ የኔ ነው።»

ከልቡ ነው። በዚህ ሰው ላይ የሚባክን ንቀት እንኳ ብክነት መሆኑን ያን ዕለት ተረዳች። ጎንበስ ብላ ካርዶቿን ለቀመች።

አርባው ዕቃ ጎንደር ለሁለት ሳምንት ታየ፤ ከዚያ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ማሩ አዲስ አበባ ተሾመ፤ በሙዚየም ሳይሆን በአንድ የስፖርት መሥሪያ ቤት። አሰፋች ደግሞ ወር ሳይሞላት «ለአብዮታዊ ግዴታ» ወደ ገለጉ ተዛወረች። ገለጉ የቋራው ዳር ነው፤ መኪናው ግማሽ መንገድ ላይ ጭቃ ያዘውና ቀሪውን በእግሯ ገባች። እናቷ ባየሽ ሲሸኟት፣ «እዚያስ ዝገት አለ?» አሏት። «አይጠፋም» አለች።

በ፲፱፻፹፩ ሌላ የሙዚየም ትምህርት ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር። ገለጉ የደረሰው የማመልከቻው ቀን ካለፈ ከአርባ ቀን በኋላ፣ በእግረኛ ነው። አሰፋች ግን ሦስት ገጿን ጻፈች፤ በዚህኛው የይርዳውም የሌሎቹም ስም ነበረበት፤ አጥንቱን ስለ መቅበራቸውም ነበረበት። መልስ አልመጣም። ሦስተኛው ማስታወቂያ ሳይወጣ መንግሥቱ ራሱ ሄደ።

እሷ እዚያው ገለጉ ቀረች፤ አስተማረች፤ ብረት ያመጣላትን ሰው አስቀምጣ አስወራች። የገለጉው ዳይሬክተር ወረቀት የማይፈሩ ሰው ነበሩ፤ የመጣውን ሁሉ ሳያነቡ ይፈርማሉ። አሰፋች በመጀመሪያው ሳምንት ናቀቻቸው፤ እሳቸውም ግምቷን አላሳፈሩም።